ይህ ቤት አይሸጥም

ዛሬ ወደ ሩቅ አገር እንወስዳችኋለን። አገሩ ናይጄሪያ፣ ከተማው ሌጎስ ነው። እኛ ሁለት ተማሪዎች ለትምህርት ሄደን ሦስት ወር እዚያ ተቀምጠን ነበር። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን።

ሌጎስ በምዕራብ አፍሪካ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለ ከተማ ነው። እስከ 1991 ድረስ የአገሩ ዋና ከተማ ነበር። በዚያ ዓመት መንግሥቱ ወደ አቡጃ ሄደ። ሕዝቡ ግን አልሄደም፤ እንዲያውም በዛ። ዛሬ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደሚኖርበት ይገመታል። የከተማው ከፊሉ ደሴት ላይ ነው። ደሴት ማለት ዙሪያውን ውሃ የከበበው መሬት ነው። ደሴቱን ከየብሱ ከሚያገናኙት ድልድዮች አንዱ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በእግር ቢሆን ከሁለት ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ከድልድዩ ላይ ሆነን ስናይ በእንጨት ምሰሶ ውሃ ላይ የቆሙ ቤቶች አየን። ሰፈሩ ማኮኮ ይባላል። እዚያ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጠያየቀው በታንኳ ነው።

በሌጎስ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ የቻለ ሁሉ በደጁ ጄኔሬተር ያቆማል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ያድራል። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ አጣን፤ ኋላ ግን እሱ ዝም ሲል ነው የምንነቃው። መብራት ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች ባንድ ድምፅ «አፕ ኔፓ!» ብለው ይጮኻሉ። ኔፓ የዱሮው የመብራት መሥሪያ ቤት ስም ነው። ስሙ በ2005 ተለወጠ፤ በ2013 ደግሞ ተከፋፍሎ አብዛኛው ለግል ኩባንያዎች ተሸጠ። ልጆቹ ግን ያላዩትን መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ ያሞግሳሉ።

ሰው የሚመላለሰው በዳንፎ ነው። ዳንፎ ጥቁር መስመር ያለበት ቢጫ ሚኒባስ ነው። የሚሄድበት ቦታ ብዙ ጊዜ አልተጻፈበትም። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ኦሾዲ! ኦሾዲ!» እያለ ይጣራል። ጆሮ ያለው ሰው ማንበብ ባይችልም ከተማውን ሁሉ ይዞራል። ረዳቱ ዝርዝር ከሌለው ደግሞ አንድ ብር ለሁለት ሰው ይሰጥና «ተካፈሉ» ብሎ ያወርዳችኋል። የማታውቁት ሰው የገንዘብ ሸሪካችሁ ሆነ ማለት ነው።

እኛንም አንድ ቀን ከአንዲት በርበሬ ነጋዴ ጋር እንዲህ አጣመረን። አንድ ሺህ ናይራ ነው፤ ናይራ የአገሩ ገንዘብ ነው። አምስት መቶው የእኛ፣ አምስት መቶው የእሳቸው። ሳንገዛ የሚዘረዝርልን ባለሱቅ ጠፋ። እሳቸውም «ኑ፣ ልጆቼ፤ ቤቴ ቅርብ ነው፤ ዝርዝር አለኝ» አሉን። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ኢያ» ይላቸዋል፤ እናት ማለት ነው። በመንገድ ላይ ወጣቱ ሁሉ ዝቅ እያለ እጅ ሲነሳቸው አየን። አገራችን ትዝ አለችን።

ደጃቸው ስንደርስ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ አየን። አነበብነውና «ኢያ፣ ቤቱን ሊሸጡት ነው እንዴ?» አልናቸው።

ሳቁብን። «አይ፣ ልጄ ሥራ ፍለጋ ሳይሄድ በፊት 'ይህ ቤት አይሸጥም' ብሎ የጻፈው ነው» አሉ።

ይህ ጽሑፍ በሌጎስ በብዙ ግድግዳ ላይ አለ። አንድ አጭበርባሪ ባለቤት ነኝ ብሎ የሰው ቤት ለሌላ ሰው ይሸጣል። አንዳንዴም ከወራሾቹ አንዱ በስውር ይሸጣል። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ሲመጣ ቤቱ ውስጥ ሰው አለበት፤ ከዚያ ክርክር ነው። አጭበርባሪውን «ፎር ዋን ናይን» ይሉታል፤ 419 ማለት ነው። በወንጀል ሕጋቸው ሰውን አታሎ ገንዘብ መውሰድን የሚከለክለው አንቀጽ ቁጥር ነው።

የኢያ ግድግዳ ላይ ግን አንድ ቃል ጠፍቷል። እኛ «አይሸጥም» ስንል «አይ» ከቃሉ ጋር ይጣበቃል። በእንግሊዝኛ ግን «ኖት» ተብሎ ለብቻው በሦስት ፊደል ይጻፋል። ከጣራው የሚወርደው የዝናብ ውሃ ያችን ቃል ብቻ አጥቧታል። የቀረው «ይህ ቤት ይሸጣል» ሆኗል።

ቃል በቃል በጣታችን እያሳየን አነበብንላቸው። ኢያ ዝም አሉ። ቆይተው «ለካ!» አሉ። «ባለፈው ወር ሁለት ሰዎች መጥተው ግቢውን በእርምጃ ለክተው ሄዱ። የመንግሥት ሰዎች መስለውኝ ውሃ አጠጣኋቸው።»

ከጎረቤት ጋራዥ ቀለምና ብሩሽ ለምነን ሦስቱን ፊደል ጻፍን። ኢያ አጠገባችን ቆመው «'አይ' የምትለዋ የቷ ናት?» አሉ። አሳየናቸው። ብሩሹን ከእጃችን ወሰዱና በጻፍነው ላይ ደግመው ሄዱበት። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ቀለሙን አላሳነሱበትም፤ ከቃሎቹ ሁሉ ያች ቃል ወፈረች።

ገንዘቡን ትተንላቸው ልንሄድ ስንል ተቆጡን። ከመቀነታቸው ፈትተው አምስት መቶ ናይራ አንድ በአንድ ቆጥረው ሰጡን። እፍኝ በርበሬም ጨመሩልን። ወደ ዳንፎው ስንመለስ ረዳቱ ከበሩ ላይ «ዝርዝር ይዛችኋል?» አለን። ይዘን ነበር።