ትርፍ የመሰለን ቀለበት

ከውጭ አገር ሊጠይቀን የመጣ አንድ ወንድም ለወጣቶች አገልግሎታችን ትልቅ ካርቶን ትቶልን ሄደ። ውስጡ ሌጎ ነበር። ሕፃናት እየደራረቡ የሚያፈርሱት ዓይነት ግን አይደለም። ሊብሄር አር 9800 የሚባለው የማዕድን ማውጫ ኤክስካቫተር አምሳያ ነው። እውነተኛው ማሽን 800 ቶን ያህል ይመዝናል። በ2019 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ይህ አምሳያ ደግሞ 4,108 ቁርጥራጭና 7 ሞተር አለው፤ 12 ባትሪ ድንጋይ ይበላል፤ የሚታዘዘውም በስልክ ነው። መምሪያው ወፍራም መጽሐፍ ሲሆን ከዳር እስከ ዳር ሥዕል ነው።

ቅዳሜ ከጥናት በኋላ ከልጆቹ ጋር መገጣጠም እንደ ጀመርን አንድ አባት በበሩ ብቅ ብለው አዩንና፣ «ልጆቼ፣ ይኼ ለነፍስ ምን ይጠቅማል?» አሉን። ተገቢ ጥያቄ ነው። ያን ጊዜ ትዕግሥትን ያስተምራል፣ ኅብረትን ያጠነክራል ምናምን ብለን መለስን። ዛሬ ሌላ መልስ አለን። እኛን የሚያስመሰግን ግን አይደለም።

እንዲህ ያለው ማሽን ሲሠራ ብዙው ድካም ኋላ ላይ የማይታየው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምትገጣጥሙት ጊርና ዘንግ ሁሉ በኋላ በቢጫና ነጭ ሽፋን ይዋጣል። የሚያምረው ክንዱ፣ ባኬቱ፣ ትንሿ መሰላል ናት። ልጆቹም እነዚህ ላይ ለመድረስ ይቸኩላሉ። እውነቱን ለመናገር እኛም ቸኩለን ነበር፤ ለእሁድ የልጆች ፕሮግራም እናሳያለን ብለን አስታውቀን ነበርና።

አርብ ማታ ባትሪውን አስገብተን ሞከርነው። ሰንሰለቱ ሄደ፣ ወገቡ ዞረ። ክንዱ ሲነሣ ግን መሃል ላይ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይል ጀመር። ክንዱን የሚገፉት ዘንጎች እስከ መጨረሻው ሲዘረጉ እንዳይሰበሩ ራሳቸው እንዲህ የሚል ድምፅ ያሰማሉ። ስለዚህ «ችግር የለውም፣ ተፈጥሮው ነው» አልን። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የሆነች አንዷ ግን፣ «መጨረሻው ላይ ሳይደርስ ነው እኮ የሚጮኸው» አለች። ሰማናት፤ ግን ጣታችንን ከስልኩ ላይ አላነሣንም። ደጋግመን ገፋነው። ድምፁ ባሰ።

በመጨረሻ መፍታት ግድ ሆነ። ሽፋኑን፣ ክንዱን፣ ሞተሮቹን አወረድን። አራት ሰዓት ያህል ፈጀብን። ከታች አንድ ጊር በዘንጉ ላይ ተንሸራትቶ ከጓደኛው ጥርስ ሊወጣ ደርሶ አገኘነው። በቦታው የሚይዘው የምስር ፍሬ የምታክል ቀለበት አልገባችም። ቀለበቷ የት ነበረች? ጠረጴዛው ላይ፣ በሲኒ ውስጥ። ሌጎ ከትናንሾቹ ቁርጥራጮች ጥቂት ትርፍ ስለሚጨምር፣ ያቺንም ትርፍ መስላን ከሳምንታት በፊት አስቀምጠናት ነበር።

ሌጎን የመሠረተው ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን በዴንማርክ ቢሉንድ የሚኖር አናጢ ነበር፤ ኢንድሬ ሚሾን በሚባለው የሉተራን መነቃቃት ውስጥ ያለ አማኝም ነበር። መጫወቻ መሥራት የጀመረው በ1932 እ.ኤ.አ. በእንጨት ነው። ልጁ ጎትፍሬድ አንድ ቀን የእንጨት ዳክዬዎችን ሦስቴ መቀባት ሲገባው ሁለቴ ብቻ ቀብቶ፣ ቀለም አተረፍኩ ብሎ ለአባቱ በደስታ ነገረው። ሳጥኖቹ ባቡር ጣቢያ ደርሰው ነበር። አባቱ ግን ሄደህ መልሳቸው፣ ሦስተኛውን ቀባ፣ ሌሊቱን ሁሉ ቢፈጅም ብቻህን ሥራው አለው። ማንም ገዢ ያን ሦስተኛ ቀለም አይቆጥርም ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከሁለት ዓመት በፊት የወጣቶች አገልግሎታችንን ይመራ የነበረ ወንድም ነበረን። በአሠራሩ አልተስማማንም። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን እርሱ በሌለበት ተነጋገርንበት፤ ከሰማነው ላይ ጨምረን ለሽማግሌዎች ጆሮ አደረስን። እርሱም አገልግሎቱን ተወ። ኮንፈረንስ ሲቃረብ «በመካከላችን ነገር እንዳይኖር» ተባለና በመድረክ ፊት ቆመን፣ «ካጠፋን ይቅርታ» ብለን፣ ተቃቅፈን፣ ተጸልዮልን ወረድን። ጉባኤውም እልል አለ።

በእኛ አስተያየት ቤተ ክርስቲያናችንን ከሚጎዷት ቃላት አንዱ ይህ «ካጠፋን» ነው። የንስሐ ልብስ ለብሶ የቆመ ክህደት ነው። ዘኬዎስ በሉቃስ 19 በባዶ ቃል ብቻ አላለፈም፤ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ በቁጥር ተናገረ። ጌታችንም በማቴዎስ 5፥23-24 መባህን ትተህ ሂድ ሲል የሚሄደው ሰው ወዴትና ወደ ማን እንደሚሄድ ያውቃል። እኛ ግን መባውን ላለማቋረጥ ስንል እርቁን ራሱን የፕሮግራም ክፍል አደረግነው።

ያ ወንድም ዛሬም እሁድ እሁድ ይመጣል፤ ከኋላ ይቀመጣል፤ ሰላም ይለናል። ስሙ በስብሰባ ሲነሣ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ይህን ጸጥታ ለሁለት ዓመት «ተፈጥሮው ነው፣ ሰው እኮ ጊዜ ይወስድበታል» ስንለው ኖረናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ማፍረስ የሚወዱ አሉ፤ በየጊዜው ቤተ ክርስቲያንን ከመሠረቷ ካልነቀልን የሚሉ። እኛ ያን አንልም። ኤክስካቫተሩን ስንፈታ ደህና የነበረውን ሰንሰለት አልነካንም። የፈታነው እስከ ቀለበቷ ቦታ ድረስ ነው።

አርብ ማታ ቀለበቷን ከሲኒው አውጥተን ስንመልሳት ከመካከላችን አንዱ የዚያን ወንድም ስም ጠራ። ማንም መልስ አልሰጠውም። በሚቀጥለው ሐሙስ ግን ሁለታችን ቤቱ ሄድን። ምን እንዳልን፣ ለማን እንዳልን፣ የትኛው እውነት የትኛው ጭማሪ እንደ ነበር ነገርነው። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ባለቤቱ ቡና አቀረበች፤ ሁለተኛው እስኪቀዳ ድረስ አልተናገረም። ከዚያ፣ «እኔ ሰምቻችኋለሁ። ያንን የነገራችኋቸው ሦስት ሰዎች ግን እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የሚያውቁኝ» አለን።

ማሽኑ ለልጆቹ የታየው ከሁለት ሳምንት ዘግይቶ ነው። ከሦስቱ ሰዎች ለሁለቱ ሄደን ነግረናል። ሦስተኛው ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል፤ ስልኩን እያፈላለግን ነው።