በእንዶድ ያጠቡት ሴቶች

እናቴ ጋቢ የምታጥበው በእንዶድ ነበር። የደረቀው ፍሬ በሙቀጫ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ አረፋው ከዛሬው ኦሞ አያንስም። ስትወቅጥ ብናኙ አፍንጫዬ ገብቶ ሲያስነጥሰኝ ትስቅብኝ ነበር።

ይህን ያነሳሁት ሰሞኑን «ተራማጅ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ሲወረወር ስለሰማሁ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ቃሉን ሲሰማ ትዝ የሚለው ሰልፍ ነው። የካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ፤ በ10 ዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከሰልፉ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1964 እ.ኤ.አ.፣ አድዋ ውስጥ አንድ ሰው ያደረገው በእኔ ሚዛን ከዚያ ያላነሰ ሥር ነቀል ነበር።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሊያጠኑ ወንዝ ወረዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተዋል፤ ሌላ ቦታ ያሉት ደህና ናቸው። አረፋውን በሕይወት ባሉት ላይ አስጨመሩበት። ሞቱ። ከዚያ በኋላ ያለው የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ያቺ ቅጽበት ናት፤ ከውጭ አገር በዶክትሬት የተመለሰ ሰው ከአጣቢ ሴቶች ለመማር ጎንበስ ማለቱ። ያን ጊዜ «ሰፊው ሕዝብ» እያልን ጉሮሯችን እስኪደርቅ የምንጮኸው ሰዎች፣ ሰፊውን ሕዝብ ስናስተምር እንጂ ስንጠይቅ አላስታውስም።

የእናቶች ዕውቀት ሁሉ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። እንጥሌን ያስቆረጠችኝም ያችው እናቴ ናት። እንዶድም ቢሆን ዓሣ ይገድላልና መመርመር ነበረበት። ቅሬታዬ ሚዛኑ ላይ ነው። አፍሪካ ውስጥ የተሠራው ምርምር ለውጭዎቹ ባለሙያዎች አልበቃቸውም፤ በእነሱ ቤተ ሙከራ፣ በእነሱ ወጪ ልክ ይደገም ተባለ። ዓመታት ነጎዱ። አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት በ1989 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከወንዙ ዳር 25 ዓመት ቆይቶ። ዜብራ መስል የሚባለው ዛጎል ለበስ የአሜሪካን የውሃ ቧንቧ መዝጋት ሲጀምር ግን እንዶድ ተፈለገ። የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲም ፓተንት አወጣበት። የአክሊሉ ስም አለበት፤ የአጣቢዎቹ የለበትም።

30 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። «የእንዶድን ጥቅም ማን አገኘ?» ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ዶክተር አክሊሉ ለማ!» ይላል። «ልብሱንስ ያጥብ የነበረው ማን ነው?» ስል ዝም። አንድ ጊዜ ብቻ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «እናቶቻችን» አለች፤ ክፍሉ ሳቀባት። ያ ሳቅ እስካሁን ይከነክነኛል።

የመማሪያ መጽሐፍ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩልኝ። ስማቸውን ፈልጌ አላገኘሁትም፤ «በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡ የአድዋ ሴቶች» ብላችሁ ጻፉ።