ከርከዴ በመጠጥነቱ ይሸጥ

የከርከዴ ሻይ በኢትዮጵያ ከተሞች ከቡናና ከሻይ ቅጠል ጎን ስፍራ እያገኘ ሄዷል። ተክሉ የቆላ በመሆኑ፥ ከባሕር ዳር 42 ኪሎ ሜትር ርቃ በወይና ደጋ ለምትገኘው ለአዴት ከሩቅ የሚመጣ ሸቀጥ ነው። ገዢው ስለ ዕቃው የሚያውቀው ባለሱቁ የነገረውን ያህል ነው፤ ስለዚህ የባለሱቁ ቃል እንደ ሚዛኑ ትክክለኛ ሊሆን ይገባዋል።

ዳሩ ግን አንዳንድ ነጋዴ ከርከዴን «የደም ግፊት መድኃኒት» እያለ ይሸጠዋል። አነጋገሩ ፈጽሞ መሠረት የለሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ በታተመ፥ 65 ሰዎች በተካፈሉበት ጥናት፥ ለ6 ሳምንት በየቀኑ 3 ስኒ የጠጡት ሰዎች የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ 7 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ዝቅ ብሏል። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ግፊታቸው በመጠኑ ብቻ ከፍ ያለና መድኃኒት የማይወስዱ ነበሩ። ሐኪም ያዘዘውን ክኒን በሻይ መተካት ይቻላል የሚል ማስረጃ ከዚህ አይገኝም። በባለሱቁ ቃል ተማምኖ ክኒኑን የተወ ደንበኛ ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ነጋዴውም ትርፉ የጥቂት ብር፥ ዕዳው ግን የኅሊና ይሆናል።

ከርከዴን በእውነተኛ ጠባዩ ማስወደድ ይቻላል። በልማድ አበባ ይባል እንጂ የሚደርቀው፥ አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ቀይ ሽፋን ነው። በሱዳን ለእንግዳ በሙቅም በቀዝቃዛም ይቀርባል፤ በግብፅም የሠርግ መጠጥ ነው።

አዘገጃጀቱም ቀላል ነው። ለ1 ሊትር የፈላ ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ከርከዴ ጨምሮ፥ ከድኖ እስከ 10 ደቂቃ ማቆየትና ማጥለል ነው። ጎምዛዛ ስለሆነ የአሉሚኒየም ዕቃን ይበላል፤ የሸክላ፥ የብርጭቆ ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ ይሻለዋል። ቀረፋና ቅርንፉድ ጣዕሙን ያሳምሩታል፤ የጎጃም ማርም ከስኳር ይልቅ ይስማማዋል።

አስመጪውና አከፋፋዩ ቀለሙ የደመቀ፥ ያልተሰባበረ፥ በሚገባ የደረቀና ከአሸዋ የጠራ ዕቃ መርጠው ያቅርቡ። ባለሱቁም ከርጥበት ጠብቆ ያስቀምጠው፤ አፈላሉን ለገዢው ያስረዳ፤ ስለ ሕመሙ ለሚጠይቀው ደግሞ የጤና ጣቢያውን መንገድ ያመልክተው። ደንበኛ ተመልሶ የሚመጣው ጣዕሙን ወዶ እንጂ ፈውስ ተስፋ ተሰጥቶት መሆን የለበትም።