ጥርሱ ስንት ነው?

ምሁራን ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝና ዛሬ የምጽፈው ስለ መጋዝ ነው። ያን ያህል ዘመን ስለ ልቦለድ አጽመ ታሪክና ስለ ግጥም ምት ሳስተምር ኖሬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ስለ መጋዝ ጥርስ ስጽፍ «ሰውየው አለቀለት» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል። እሱም ከዚህ ጽሑፍ ተከሳሾች አንዱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ገና ላሊበላ ነበርሁ። ቤተ ማርያም ዘንድ ቤዛ ኩሉውን ቆሜ ሰምቼ፣ ከሰዓት በኋላ የታላቅ እህቴን ልጅ ልጠይቅ ሄድሁ። ልጁ ድሮ አስጎብኚ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጥቶ ፈረንጁ ቀረ፤ በ2013 ማለቂያ ደግሞ ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ ገባ፣ መብራቱም ለወራት ጠፋ። አስጎብኚ የሚያስጎበኘው ሲያጣ ምን ይሆናል? የእኛው አናጺ ሆነ። በእናቱ ጓሮ በቆርቆሮ ከልሎ በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የመቋሚያ እጀታ ይሠራል። ብየዳ ቤት ያሠራው የብረት ጠረጴዛ አለው፤ ከሥሩ ሞተር፣ ከመሐሉ ብቅ ያለች ክብ መጋዝ። በቃ፣ ፋብሪካው ይኸው ነው።

ሊስመኝ ጎንበስ ሲል የግራ እጁን ከኋላው ሸሸገ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም አይደል አጎቴ፤ ዲስኩ ትንሽ ነክቶኝ ነው።»

«ትንሽ» ያለው የአመልካች ጣቱን ጫፍ፣ እስከ ጥፍሩ ሥር ያለውን ነው። ድመት የቧጨረው ይመስል ነው የሚያወራው። «ይህን ዲስክ ማን ሸጠልህ?» ብዬ ቱግ አልሁ። ልጁ ዝም አለ። እህቴ ግን ዝምታ አታውቅም፤ ቡናውን እየቀዳች፣ «አንተ የላክህለት ነው እንጂ፣ ሌላ ማን ይልክለታል» አለች።

እንግዲህ ልናዘዝ። ዲስኩን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ አዲስ አበባ፣ ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ ሱቅ። ነጋዴው ሁለት አወጣልኝ። ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም የሚያብረቀርቁ፣ ሁለቱም ላይ «ፕሮፌሽናል» የሚል ተጽፏል። የአንደኛው ዋጋ የሌላኛው አምስት እጥፍ ነው። «ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ስለው «ያው ናቸው ጋሼ፤ ያኛው ስም ነው» አለኝ። ጨምሮም «ይሄኛው እንዲያውም 80 ጥርስ ነው፤ ጥርሱ በበዛ ቁጥር አሪፍ ነው» አለ። እኔም ተማርሁ ባዩ ጥርስ በርካሽ ዋጋ በገፍ አገኘሁ ብዬ፣ ደስ ብሎኝ በአውቶብስ ላክሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው፤ ብብቱ ግን የእኔ አልነበረም፣ የልጁ ነበር።

ኋላ ጠያይቄ፣ አንብቤ፣ ሦስት አናጺዎች ዘንድ ቁጭ ብዬ የገባኝን ልንገራችሁ። ሰው በጓሮው መሥሪያ ካለው ጋዜጣውን ቆርጦ ግድግዳው ላይ ይለጥፍ።

ጥርስ ሲበዛ አሪፍ ነው የሚባለው ውሸት ነው፤ ወይም እውነቱ ግማሽ ነው። እንጨት እንደ ጨርቅ ነው፣ ክር አለው። በክሩ ርዝመት ጣውላ ስትሰነጥቁ መጋዙ የሚያወጣው ረጃጅም ፍቅፋቂ ነው። ያን ጠርጎ የሚያወጣ በጥርስና በጥርስ መካከል ሰፊ ጎድጓዳ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለመሰንጠቅ፣ 250 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ዲስክ፣ 24 ጥርስ ይበቃል፤ አናቱም ጠፍጣፋ የሆነ። በክሩ ላይ አግድም ስትቆርጡ ግን ክሩን እንደ ምላጭ የሚበጥስ፣ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ የተሳለ 60 ወይም 80 ጥርስ ነው የሚፈለገው፤ ለኮምፔንሳቶም እንዲሁ። አንድ ብቻ መግዛት የሚችል 40 ወይም 50 ጥርስ ይግዛ፤ ሁለቱንም እንደ ነገሩ ይሠራል። የእህቴ ልጅ በ80 ጥርስ ባሕር ዛፍ ሲሰነጥቅ ነበር! ሰጋቱራው መውጫ አጣ፣ ዲስኩ ጋለ፣ እንጨቱ ጠቆረ፣ ጭሱ ወጣ። ያልቆረጠለት ሰው ምን ያደርጋል? ይገፋል። ገፋ።

ባሕር ዛፍ ደግሞ፣ በምኒልክ ጊዜ ወደዚህ አገር ሲገባ ማን እንዳመሰገነው እንጂ ማን እንደረገመው አይነገርም፣ በውስጡ ውጥረት ያመቀ ዛፍ ነው። ሲሰነጠቅ ሁለቱ ጎኖች ተመልሰው ይገጥሙና መጋዙን ከኋላ ይነክሱታል። ያን ጊዜ መጋዙ እንጨቱን ወደ ሠራተኛው ይወረውራል፤ እጅም ከእንጨቱ ጋር ይሄዳል። ይህን ለመከላከል ከዲስኩ ኋላ የምትቆም አንዲት የብረት ምላስ አለች፤ ከዲስኩ ገላ ወፈር ያለች፣ ከሚቆርጠው ስፋት ቀጠን ያለች። የተሰነጠቀው እንዳይገጥም ትከፍለዋለች። የእኛ ጠረጴዛ ላይ የለችም። ብየዳ ቤቱ አልሠራትም፤ ያዘዘውም አልጠየቀም።

ዋናው ጉድ ግን ጥርሱ ነው። የደህና ዲስክ ገላው ብረት፣ ጥርሱ ግን ተንግስተን ካርባይድ ነው፤ ጀርመኖቹ ክሩፖች በ1920ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ለገበያ ሲያወጡት «እንደ አልማዝ» ለማለት ዊዲያ ብለው የጠሩት። በብረቱ ላይ የሚጣበቀው በብየዳ ነው። በደህናው ዲስክ ላይ ይህ ቁራጭ ወፈር ያለ ስለሆነ ሲደነዝዝ ተስሎ ተስሎ ይሠራል። በርካሹ ላይ ቅርፊት ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ የሚሳል ሥጋ የለውም፣ ብየዳውም በምራቅ የተለጠፈ ነው። 250 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር የጥርሱ ፍጥነት በሰዓት 188 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከአዲስ አበባ ደሴ በሁለት ሰዓት ከምናምን! በዚያ ፍጥነት ተነቅሎ የሚሄድ ጥርስ ከጥይት በምን ይለያል? የእህቴ ልጅ ዲስክ ሦስት ጥርስ ወልቆ ነበር። አንዱ ቆርቆሮው ግድግዳ ላይ ተሰክቶ አሳየኝ። ዓይኑን ስለተረፈለት እግዚአብሔር ይመስገን።

ቀዳዳውም አለ። ዲስኩ መሐል ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ነበረው፤ የሞተሩ ዘንግ 25 ነው። ልጁ ከቆርቆሮ ቁራጭ ጠቅልሎ ሞልቶታል። እንዲህ ሆኖ የሚዞር ዲስክ መሐሉን ስቶ ይወዛወዛል፤ ወይ ልክ የሆነ ቀለበት ይደረግለታል፣ ወይ አይገጠምም። ስልክ ደውዬ «ዘንጉ ስንት ነው?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነበር። አልጠየቅሁም።

የመብራቱን ነገር ደግሞ ስሙኝ። 220 ቮልት መሆን የሚገባው ወርዶ 180 ሲሆን፣ የእንደነዚህ ዓይነት ሞተሮች ጉልበት ከሦስት እጅ ወደ ሁለት እጅ ይወርዳል። በደከመ ሞተር ላይ የደነዘዘ ዲስክ መጫን በተራበ በሬ ጭንጫ ማረስ ነው። ለእንዲህ ያለ ሞተር ቀጭን ዲስክ ይሻላል። 3.2 ሚሊ ሜትር ከሚበላው ይልቅ 2.4 የሚበላው በእያንዳንዱ ቁርጥ ሩብ እንጨት ያተርፋል፤ ሃያ ጊዜ ብትሰነጥቁ 16 ሚሊ ሜትር ሰጋቱራ ከመሆን ይድናል። ዋንዛና ጽድ እንደ ልብ በማይገኝበት በላስታ ይህ ቀልድ አይደለም።

አሁን ወደ ጠቤ ልግባ።

ነጋዴውን ብቻ መስደብ ቀላል ነው፤ እሱ ያልነገርነውን አልሸጠልንም። አውሮፓ ኢኤን 847-1 የሚባል ደረጃ አለ፤ ዲስክ ላይ የአምራቹ ስምና የማይታለፈው የዙር ልክ እንዲቀረጽ ያስገድዳል። ያ ጽሑፍ የሌለውን ዲስክ ቀለሙ ቢያምርም አትንኩ። የትንሽ ዲስክ ሞተር ነው ብለው በደቂቃ 11,000 ጊዜ በሚዞር ግራይንደር ላይ የእንጨት መጋዝ የሚገጥሙትንማ ምን እላቸዋለሁ? ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሠራውም የሚስቅ ልጅ ነበር።

ጠቤ ከእነዚያ ሪባን ቆራጮች ጋርም ነው። ለወጣቶች ማኅበር ማሽን ይሰጣል፣ ካሜራ ይመጣል፣ ጭብጨባ ይሆናል። ማሽኑ አብሮት የመጣውን አንድ ዲስክ ይዞ ይቀራል። ያቺ ስትደነዝዝ የምትሳልበት ቦታ፣ የምትተካበት ገንዘብ፣ ስለ እሷ የሚያስተምር ሰው በዕቅዱ ውስጥ የለም። ጋን ሰጥቶ ጠላ መንሳት!

ከሁሉም በላይ ግን ጠቤ ከእኛ ከፊደል ቆጣሪዎቹ ጋር ነው። ላሊበላን ማን ፈለፈለው እያልን ስንት ሌሊት ተከራከርን? አንዱ መላእክት ይላል፤ ገድሉም ሰዎች ቀን በሠሩት ላይ መላእክት ሌሊት ይጨምሩ እንደነበር ይተርካል። ሌላው ፈረንጅ ነው ብሎ ያናድደናል፤ እኛም ተነሥተን እንፎክራለን። በምን ስለት ፈለፈሉት? ብሎ የጠየቀ ተማሪ ግን በማስተማር ዘመኔ ሁሉ አላጋጠመኝም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። የመሮው ጠባሳ እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ እየታየ! ያን መሮ የቀጠቀጠው፣ ማታ ማታ የሞረደው ሰው አለ። እሱን ኋላ ምን ብለን ጠራነው? ጠይብ፣ ቡዳ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድበውን የሚያስቀጣ አዋጅ እስኪያወጡ ድረስ ደርሰን ነበር። አዋጁ ስድቡን ከአፍ አወረደው እንጂ ከሆድ አላወጣውም። የእህቴ ልጅ ዲፕሎማ ይዞ አናጺ በመሆኑ ዘመዶቻችን «ምን ያድርግ፣ ክፉ ቀን ነው» ይሉለታል፤ ለቅሶ ቤት ይመስል። ለማይከበር እጅ ማን የሚከበር ስለት ይገዛል?

በማግስቱ ልጁን ይዤ ይምርሐነ ክርስቶስ ወጣሁ። የቱሪስት መጽሐፍ ሁሉ ስለሚያወራው ስለ ዋሻው ሳይሆን እንጨቱን ላሳየው ነበር። ከላሊበላ ፍልፍሎች በፊት የተሠራ ነው፤ በእንጨት ወራጅና በተለሰነ ድንጋይ ተራ በተራ የተገነባ፣ ጣሪያው በእንጨት ጌጥ የተያያዘ። ዋሻው ከዝናብና ከፀሐይ ጠብቆታል፣ እሱን አልክድም። ግን ወራጁ ከወራጁ የገጠመበትን ቦታ ልጁ ቀረብ ብሎ አየው፤ ጣቱን ሊያስገባ ሞከረ፣ የታሰረውን ሳይሆን ደህናውን። አልገባም።

«አጎቴ፣ ይኸን በምን ቆረጡት ይላሉ አንቱ?»

የመጀመሪያው ተማሪዬ።

«ድሀ ነን፣ ውድ ዲስክ ከየት እናምጣ» የሚለኝ አለ። እውነት ነው፣ ብሩም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ለገቢ ዕቃ አቅሙ ተመናምኗል። ዋጋውን አልጽፍም፤ ጋዜጣው እስኪታተም ይለወጣል። ግን እንቁጠር ካላችሁ እንቁጠር። የእህቴ ልጅ በአንድ ዓመት አራት ርካሽ ዲስክ ጨረሰ፤ የመጨረሻው የእኔው ነበር። በዚያ ላይ የተቃጠለ ጣውላ፣ ሁለት ወር ያልሠራ እጅ፣ የሐኪም፣ የመድኃኒት። ከደህናው ዲስክ ዋጋ አልፎ ሄዷል፤ ጣቱን ሳልቆጥር። ለመቆጠብ የሚፈልግ ቢያንስ ያለውን ይንከባከብ፤ የጽዱ ሙጫ ሲጋገርበት የደነዘዘ ይመስላል እንጂ አልደነዘዘም። አውልቆ በኦሞ ውኃ ዘፍዝፎ በብሩሽ ቢያጥበው ይመለሳል። ሰው ይህን ሳያውቅ ስንቱን ይጥላል!

በአሜሪካ በዓመት ወደ 30 ሺህ የሚሆን ሰው በጠረጴዛ መጋዝ ተጎድቶ ሐኪም ቤት እንደሚሄድ ይገመታል። እነሱ ቆጥረው ተጨነቁ፤ ተጨንቀውም ጣት ሲነካው ከሴኮንድ ቅንጣት ባነሰ ጊዜ ቀጥ የሚል መጋዝ ፈጠሩ። የእኛዎቹ ጣቶች በ«ትንሽ ነክቶኝ ነው» ይታለፋሉ።

ባለፈው ሳምንት ልጁ ደወለ። ትእዛዙን እንደ ትምህርት አስጻፈኝ፤ 250፣ ጥርሱ 24፣ ቀጭኑ፣ ቀዳዳው 25፣ የዙሩ ልክ የተቀረጸበት። ወረቀቱን ይዤ መርካቶ ወረድሁ። በገባሁበት ሱቅ ለአንድ ጎረምሳ ሰጠሁት። ወረቀቱን ገልብጦ አየው፣ መልሶ ገለበጠው፣ ወደ መደርደሪያው ቀና ብሎ ጠየቀኝ፤

«ጋሼ፣ ቀዩን ነው ሰማያዊውን?»