መንግሥትን «በሕግ አምላክ!» ብሎ የሚያቆም ፍርድ ቤት



አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይሉ ነበር። ሕዝባችን ብዙ መከራ ችሏል፤ ፍርድ ማጣትን ግን ችሎ አያውቅም። መንገድ ላይ የሚደባደብ ሰው እንኳ «በሕግ አምላክ!» ሲባል እጁን ይሰበስብ ነበር። እኛ የምንጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ እጁን ያነሣው መንግሥት ራሱ ሲሆንስ ማን ያቆመዋል?

መልሳችን አጭር ነው። ዜጋን ከዜጋ የሚያበላልጥ ሕግ ሲወጣ ሕጉን መሻር የሚችል ነፃ ፍርድ ቤት ያስፈልገናል። ይህ የቀን ሕልም አይደለም። ሰውን በቆዳ ቀለሙ የሚለይ ሕግ በነበራት በአሜሪካ የሆነውን እንመልከት።

«ለየብቻ ግን እኩል» የተባለው ውሸት

እ.ኤ.አ. በ1896 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በፕሌሲ ጉዳይ፣ ጥቁሩን ከነጩ ለይቶ በባቡር ማሳፈር «ለየብቻ ግን እኩል» እስከሆነ ድረስ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ፈረደ። በዚህ ፍርድ ሽፋን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ትምህርት ቤቱ፣ አውቶቡሱ፣ ምግብ ቤቱ፣ የመጠጥ ውኃው ቧንቧ ሳይቀር በቀለም ተከፈለ። ለየብቻ መሆኑ እውነት ነበር፤ እኩል መሆኑ ግን ውሸት ነበር። ፍርድ ቤትም ይበድላል። ይህን አንሸሽግም።

ነገር ግን የፍርድ በር ጨርሶ አልተዘጋም ነበር። ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. የሚባለው የመብት ማኅበርና ጠበቃው ቱርጉድ ማርሻል ለዓመታት ክስ በክስ ላይ ደረደሩ። እ.ኤ.አ. በ1950 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አንድ ጥቁር አመልካች እንዲቀበል አስፈረዱ። ከዚያም በካንሳስ፣ በቶፒካ ከተማ፣ የሰፈሯ ትምህርት ቤት የነጮች ነው ተብላ ርቃ እንድትማር የተገደደች ሕፃን አባትና ሌሎች ወላጆች ያቀረቡት ክስ፣ ከሌሎች ክፍለ ግዛቶች ክሶች ጋር ተጣምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 1954 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ወሰኑ። ተራ ወላጆች ከሰሱ፤ የክፍለ ግዛቶች ሕግ ወደቀ። ጠበቃው ማርሻልም እ.ኤ.አ. በ1967 በዚያው ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆነው ተሾሙ።

ፍርድ ብቻውን አይበቃም

ፍርዱ በተሰጠ ማግስት ግን ሁሉ ነገር አልተስተካከለም። ከአሥር ዓመት በኋላም በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ከነጮች ጋር የሚማሩ ጥቁር ሕፃናት ከመቶ 3 እንኳ አይሞሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 በአርካንሳስ፣ በሊትል ሮክ ከተማ፣ አገረ ገዥው ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ወታደር አሰለፈ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በበኩላቸው የ101ኛውን አየር ወለድ ክፍለ ጦር ልከው ተማሪዎቹን በወታደር አጅበው አስገቡ። ልብ በሉ! ጦሩ የተላከው ፍርድን ለማስከበር ነው፤ ፍርድን ለመርገጥ አይደለም።

ሕዝቡም እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች መለያየት ባለበት አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው 381 ቀን በእግራቸው ሄዱ። በዚያው ጊዜ አራት ሴቶች በፍርድ ቤት ተሟገቱ። እ.ኤ.አ. በ1956 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የረቱበትን ፍርድ ስላጸናላቸው የአውቶቡሱ መለያየት ቀረ።

የዚህ ትግል ፍሬ ለእኛም ልጆች ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1988 በፖርትላንድ ከተማ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት በዘረኞች ተደብድቦ ተገደለ። ቤተሰቡ ዘረኞቹን ያነሣሣውን ድርጅትና መሪውን ቶም ሜትዝገርን ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ተከሳሾቹ 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ተፈረደ። የኢትዮጵያዊ ደም በባዕድ አገር ፍርድ ቤት ዋጋ አገኘ። በአገሩስ?

እኛ ዘንድስ?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። መልካም ቃል ነው። ይህ ቃል ሲጣስ ግን የሕገ መንግሥት ክርክርን የሚወስነው ፍርድ ቤት አይደለም፤ በአንቀጽ 83 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ይኸውም የፖለቲካ ሰዎች ጉባኤ ነው።

ውጤቱን አይተናል። በ1992ቱ ምርጫ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል የአካባቢውን ቋንቋ አትችሉም የተባሉ ዕጩዎች ከውድድር ተሰረዙ። አቤቱታቸው በምክር ቤቱ ውሳኔ ያገኘው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሠርጉ ካለፈ በኋላ የመጣ ጥሪ ማለት ይህ ነው! በ2012 ዓ.ም. ምርጫው ሲተላለፍም የምክር ቤቶችን የሥራ ዘመን ያራዘመው ይኸው ምክር ቤት ነበር። በራሱ ጉዳይ ራሱ ዳኛ ሆነ።

ዳኛ ደፍሮ ሲፈርድስ? በ1993 ዓ.ም. ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲወጡ አዘዙ። ፖሊስ ወዲያው መልሶ ያዛቸው፤ ምክር ቤቱም በጥድፊያ የሙስና ተጠርጣሪ ዋስትና የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሊትል ሮክ ላይ መንግሥት ለፍርድ ተሰለፈ፤ እኛ ዘንድ በፍርድ ላይ ተሰለፈ።

«ሕገ መንግሥቱ የብሔር ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን ስለሆነ ያልተመረጠ ዳኛ ሊተረጉመው አይገባም» የሚሉ አሉ። እኛ ግን እንላለን፦ ብዙኃኑ የመረጠው ሁሉ የጥቂቱን መብት ያከብራል ማለት አይደለም። ለየብቻ የማድረጉን ሕግ ያወጡት የተመረጡ ምክር ቤቶች አልነበሩምን? በሌላው ክልል ከተማ ተወልዶ አድጎ «መጤ» የሚባለው ነጋዴ ድምፁ በቁጥር ሲበለጥ ወዴት ይሂድ?

ብንመረጥ

1. ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን ለነፃ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እንዲሰጥ፣ በአንቀጽ 105 ሥርዓት መሠረት ማሻሻያ እናቀርባለን። ይህ የክልሎችንም ስምምነት ስለሚጠይቅ በአንድ ጀንበር ይሆናል ብለን አንዋሽም።

2. የፍርድ ቤት ትእዛዝ አልፈጽምም ያለ ባለሥልጣን በግሉ እንዲጠየቅ እናደርጋለን።

3. የመብት ማኅበራት ስለተበደለው ሆነው እንዲከሱ፣ ለድሀውም ነፃ ጠበቃ እንዲቆምለት እናደርጋለን።

4. የዕጩዎች አቤቱታ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት እንዲወሰን በሕግ እንደነግጋለን።

ውድ መራጮች! ነፃ ፍርድ ቤት የሚያስፈልገው ለእኛ ለተቃዋሚዎች ብቻ አይደለም። እኛም ሥልጣን ብንይዝና ብንበድል «በሕግ አምላክ!» የሚለን ዳኛ እንዲኖር እንፈልጋለን። እኛን ስትመርጡ እኛንም የምትከስሱበትን በር ትከፍታላችሁ።

ድምፃችሁን ለፍትሕ ስጡ!