ከ“ፋይሉ የለም” ወደ “ሲስተም የለም”

“ፋይሉ የለም፤ ነገ ተመለስ።” ይህን መልስ አንድም ቀን ሳይሰማ የመንግሥት ቢሮ ጉዳዩን የጨረሰ ዕድለኛ አንባቢ ካለ፣ ከዚህ በታች ያለውን ባያነብም ይቅርታ እናደርግለታለን። ለቀረነው ግን አዲስ ተስፋ እየተነገረን ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል፤ አገልግሎቱ ሁሉ ዲጂታል ይሆናል፤ ወረፋና ምልልስ ያከትማል ተብለናል። ተስፋውን አንጠላውም። ግን አዲስ አበባ ላይ በጭብጨባ የተመረቀ ነገር እውነትነቱ የሚታወቀው ወረዳ ከተማ መስኮት ላይ ሲደርስ ስለሆነ፣ ጥያቄያችንን ወደ ኮላ ድባ እናወርደዋለን።

ኮላ ድባ ከጎንደር ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በደምቢያ ያለች የወረዳ መቀመጫ ናት። እንዲህ ያለች ከተማ የራሷን ነዋሪ ብቻ አታገለግልም። የአካባቢው ገበሬ ለመሬት ጉዳይ፣ ለግብር፣ ለፍርድ ቤት፣ ለሕክምና የሚወጣው ወደ እሷ ነው። ቢሮው ደጃፍ ለሚኖር ሰው “ነገ ተመለስ” ማለት ብስጭት ነው። በአጨዳ ሰሞን ከገጠር ቀበሌ ለመጣ ሰው ግን የአንድ ቀን ሥራ፣ የመኪናና የምሳ ወጪ ነው። ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ ለወረቀቱ ከሚከፍለው ይልቅ ለመንገዱ የሚያወጣው ይበልጣል። ስለዚህ የዲጂታል አገልግሎት ነገር ለኮላ ድባ ቅንጦት ነው የሚሉትን ወገኖች አንስማማቸውም። እንዲያውም ባለሙያ በሌለበት፣ መንገዱ በራቀበት፣ ምልልሱ ኪስ በሚያራቁትበት ቦታ ነው የበለጠ የሚያስፈልገው።

የተሠራውን መካድም ነውር ነው። ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ጸድቋል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር መጣና ለክፍያ መሰለፍን ለብዙዎች አስቀረ። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ ፋይዳ ሕጋዊ መሠረት አገኘ። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ታወጀ፤ በዚያው ዓመት ብሔራዊ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የብዙ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት አንድ ጣሪያ ሥር የሰበሰበው መሶብ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ሕግም ፖሊሲም አልጎደለም ማለት ነው።

ታዲያ ምን ያሰጋናል? የሚያሰጋን ትዝታችን ነው። እኛ የፕላዝማ ትውልድ ነን። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ወረዳኔት ወረዳዎችን በሳተላይት ሊያገናኝ፣ ስኩልኔት ደግሞ ትምህርትን በፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሊያደርስ ተነሡ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ገንዘብም ፈሰሰበት። ግን ፕላዝማ ፊት የተቀመጠ ተማሪ ሁሉ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ያልፋል፤ መብራቱ ሲመለስ ፕላዝማው ያለፈውን አይደግምልህም። እንግሊዝኛው ይፈጥናል። እጅህን ብታወጣ የስክሪኑ መምህር አያይህም። ችግሩ ማሽኑ መምጣቱ አልነበረም፤ ማሽኑ ጥያቄ የማይቀበል ሆኖ መምጣቱ ነው።

አሁን ወደ ኮላ ድባ እንመለስ፤ ይህች ከተማ ብዙ ሰው የማያውቀው ትምህርት አላት። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት የኮላ ድባ ጤና ጣቢያን የላቦራቶሪ መዝገብ ገልጦ የ10 ዓመት ወባ ቆጥሯል። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2011 ድረስ 39,793 የደም ናሙና ለወባ ምርመራ ቀርቦ፣ 15,731ዱ ወይም 39.5 በመቶው ወባ ተገኝቶበታል። ከእነዚህ 75 በመቶው ፋልሲፓረም፣ 25 በመቶው ቫይቫክስ የተባለው ዓይነት ነው። ከ15 እስከ 44 ዓመት ያለው ሠራተኛው የዕድሜ ክልል ይበልጥ ተጠቅቷል።

ይህን ቁጥር ማን ሰበሰበው? ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብሎ ውሎ ውጤቱን በእስክሪብቶ መዝገብ ላይ ያሰፈረ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ዕውቀቱ 10 ዓመት ሙሉ እዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ ነበር። ክረምቱ በወጣ ቁጥር ወባ ስትነሣ መዝገቡ ያውቅ ነበር። ግን መዝገቡን በየሳምንቱ አንብቦ፣ ዝናቡንና ሙቀቱን አመሳክሮ፣ “ዘንድሮ ቀድማ ልትመጣ ነው፤ መድኃኒቱንም አጎበሩንም አሁን አዘጋጁ” የሚል አልነበረም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማለት ለእኛ ይኸው ነው፤ መዝገቡን በጊዜ የሚያነብ።

ይህ ሕልም አይደለም። በዚሁ በአማራ ክልል “ኤፒዴሚያ” የተባለ ሥርዓት ተሞክሯል። የአሜሪካና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በየሳምንቱ ከጤና ተቋማት የሚመጣውን የወባ ቁጥር ከሳተላይት የዝናብና የሙቀት መረጃ ጋር አጣምረው፣ በ47 ወረዳዎች ወረርሽኝ ከመድረሱ በፊት ለመተንበይ ሠርተውበታል። ልብ በሉ፤ ሳተላይቱ ብቻውን ምንም አያውቅም። የሚያውቀው ጤና ጣቢያው በየሳምንቱ ቁጥሩን በትክክል ሲልክለት ነው። መዝገቡ ከተዛባ ትንበያውም ይዛባል።

የማዘጋጃ ቤቱም ነገር ከዚህ አይለይም። እስቲ ቀላል ጥያቄ እንጠይቅ፤ ማሽኑ ኮላ ድባን ያውቃት ይሆን? አንዱ ወረቀት “ኮላ ድባ” ይላል፣ ሌላው “ቆላ ድባ”፣ ሦስተኛው ገጥሞ “ቆላድባ”። ወረዳዋ አንዴ “ደምቢያ”፣ አንዴ “ደንቢያ” ናት። የቆየው ሰነድ “ሰሜን ጎንደር ዞን” ይላል፤ ዞኑ ሦስት ቦታ ከተከፈለ በኋላ የተጻፈው ደግሞ “ማዕከላዊ ጎንደር”። እኛ አንብበን አንድ ከተማ መሆኗን እናውቃለን። ኮምፒውተር ግን ካላስተማሩት ሦስት ከተማ አድርጎ ይቆጥራታል።

የሰው ስም ደግሞ ይብሳል። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ተብሎ የሚጻፈው አንድ ሰው ነው። ወደ እንግሊዝኛ ፊደል ሲገለበጥ እንደ ጸሐፊው ፈቃድ ይለዋወጣል። በቤት ስምና በክርስትና ስም ሁለት ቦታ የተመዘገበ አለ። የልደት ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ የማይለይ ፎርም አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደው ብዙ ሰው ዕድሜው በግምት ነው የተጻፈው። በዚህ ላይ ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በተለያዩ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል።

ይህን የተዘበራረቀ መዝገብ እንዳለ ኮምፒውተር ውስጥ መገልበጥ፣ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው። (ደምቢያዎች እምቦጭን ከተረቱም ከጣናም ስለሚያውቁት አይፈርዱብንም።) ማሽኑ በትክክል የሚጠቅመውም እዚሁ ላይ ነው። የሚመሳሰሉ ስሞችን አጋጥሞ “እነዚህ ሁለት ፋይሎች የአንድ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እዩልኝ” ማለት ይችላል። ስካን የተደረገ አሮጌ ሰነድ ውስጥ ፈልጎ ያወጣል። የትኛው ማመልከቻ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን እንደተኛ ያሳያል። ይህ የመጨረሻው ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ፋይል ሁልጊዜ በዝንጉነት አይጠፋም። ጠፍቶ እጅ መንሻ ሲመጣ የሚገኝ ፋይል እንዳለ አገር ያውቃል። ማመልከቻው ቁጥርና ቀን ኖሮት ባለቤቱ በስልኩ ሲያየው፣ ፋይል የመሰወር ገበያው ይቀዘቅዛል። ኤስቶኒያዎች መሥሪያ ቤቶቻቸውን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአንድ የመረጃ መንገድ አገናኝተው፣ መንግሥት አንዴ የያዘውን መረጃ ዜጋውን መልሶ እንዳይጠይቅ አድርገዋል። የእኛ ሰው ግን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው የራሱን ፎቶ ኮፒ ተሸክሞ ይዞራል።

ሌላው ጉዳይ መስመሩ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ አገልግሎቱ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ቢሆን ኖሮ የልደት ወረቀት ማውጣትም ይቆም ነበር። ስለዚህ ለእኛ ከተሞች የሚሠራ ሥርዓት መስመር ሲጠፋ እዚያው መሥራት፣ ሲመለስ ደግሞ የሠራውን ማስተላለፍ አለበት። ከወረዳው ውጭ ቅጂ መቀመጡም ግድ ነው፤ ግጭት ባለበት አገር ወረቀትም ይቃጠላል፣ ኮምፒውተርም ይዘረፋል። ኔትወርክ መዝጋት የዜጋን ጉዳይ መዝጋት እየሆነ መምጣቱንም የሚዘጋው አካል ሊያስብበት ይገባል።

ከሁሉም በላይ የምንፈራው ግን ማሽኑ ሰው ሲገፋ ተጠያቂ መጥፋቱን ነው። ፋይዳ የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ይወስዳል። ሞፈርና ማጭድ ሲይዝ የኖረ ጣት ግን አሻራው ያልቃል፤ በሕንድ አዳር በተባለው መታወቂያ የጉልበት ሠራተኞች አሻራቸው አልነበብ ብሎ ራሽን የተከለከሉበት ጊዜ ነበር። በኔዘርላንድስ ደግሞ ስጋት የሚመዝን የግብር መሥሪያ ቤት ሥርዓት በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ያለ ጥፋታቸው አጭበርባሪ አስብሎ፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ሥልጣን ለቋል። እነሱ ጋዜጣና ፍርድ ቤት ነበራቸው። “ኮምፒውተሩ እምቢ ብሏል” የተባለ የደምቢያ ገበሬ አቤት የሚለው ለማን ነው?

ስለዚህ እንዲህ እንላለን።

አንደኛ፣ አዲስ ሕንፃና ስክሪን ከመመረቁ በፊት መዝገብ ቤቱ ይጽዳ፤ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛውም ሥልጠናና ክብር ይሰጠው። የማሽኑ መምህር እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ማንኛውም ማመልከቻ ቁጥር፣ የመጨረሻ ቀንና የኃላፊ ስም ይኑረው። ስማርት ስልክ ለሌለው በአጭር መልእክት፣ ማንበብ ለማይችል በድምፅ ይነገረው።

ሦስተኛ፣ ሥርዓቱ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሠራ ይሁን።

አራተኛ፣ ማሽኑ “አይቻልም” ባለ ቁጥር “እኔ ልየው” የሚል፣ ውሳኔውን የመለወጥ ሥልጣን ያለው ሰው መስኮቱ ላይ ይቀመጥ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የዳታ ጥበቃ አዋጅም ወረዳ ድረስ ወርዶ ሰዉ ስለ ራሱ ምን እንደተመዘገበ ይወቅ። ለምን እንደሚመዘገብ ያልተነገረው ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ዛሬ በየባንኩና በየቢሮው አዲስ መልስ ተለምዷል፤ “ሲስተም የለም” ይሉሃል። ከ“ፋይሉ የለም” የሚለየው ለቁጣ እንኳ የማይመች መሆኑ ነው፤ ፋይል ያጠፋን ሰው ትቆጣዋለህ፣ ሲስተምን ማን ይቆጣዋል? የመጣው ሁሉ ቴክኖሎጂ ምክንያቱን ብቻ ቀይሮ “ነገ ተመለስ” የሚለውን ካስቀረልን ምን ተጠቀምን? የኮላ ድባ ገበሬ ጠዋት መጥቶ ጉዳዩን ጨርሶ ከቀትር በኋላ ማሳው ላይ ከተገኘ ግን፣ ያን ቀን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኢትዮጵያ ገብቷል ብለን እኛም እናጨበጭባለን።