መርሴዲስ በኮሮላ ዋጋ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ በዛብኝ። “ቲቸር፣ አዲስ አበባ አንዲት ሲ ክላስ መርሴዲስ አግኝቻለሁ፣ ከኮሮላ ጋር ዋጋዋ እኩል ነው፣ ልግዛት?” የሚል። ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አሶሳ ወይም እንደኔ ጾሬ ለሚኖር፣ ከደመወዙና ከዕቁቡ አጠራቅሞ ለሚገዛ ሰው፣ አይሆንም። መኪናዋ መጥፎ ስለሆነች አይደለም። ግሩም መኪና ናት። ነገር ግን እሷን ለማኖር የሚያስፈልገው ነገር እኛ ጋ የለም።

እስቲ መጀመሪያ ዋጋው ለምን እኩል ሆነ ብላችሁ ጠይቁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ ተወደደ። ኮሮላና ቪትዝ ማንም የሚፈልጋቸው ስለሆኑ ሰማይ ወጡ። የአውሮፓዎቹ ግን የዚያን ያህል አልወጡም፤ የሚያውቃቸው ሰው ስለሚሸሻቸው። ደላላው “ዕድል ነው” ይላችኋል። ኧረ ዕድል አይደለም! በግዢው ቀን ያልከፈላችሁትን ጋራዥ ቀስ እያለ ይቀበላችኋል።

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ፣ ይሄን እንኳ ክፍል ውስጥ ስለምንወደው። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙዎቹ ሲ 180 ኮምፕሬሰሮች ላይ የተገጠመው ኤም 271 የሚባለው ሞተር ነው። በዓለም መካኒክ ዘንድ የታወቀ ድካም አለው። የታይሚንግ ሰንሰለቱ ይለጠጣል፣ የካምሻፍቱ ጥርስ ይበላል። ሰንሰለቱ ከዘለለ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው የሞተር ወሬ ነው። የካምሻፍቱ ማግኔት ደግሞ ዘይት ያፈስና ዘይቱ በሽቦው ውስጥ እየተሳበ እስከ ኮምፒውተሩ ሊደርስ ይችላል። የአውቶማቲክ ካምቢዮው ዘይት በመጀመሪያ “ለዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም” ተብሎ ነበር። በኋላ ግን ኩባንያው ራሱ በ60,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር አለ። የምትገዟት መኪና ዘይቷ መቼ እንደተቀየረ ማን ይነግራችኋል?

ቢኤምደብሊው ይሻላል የምትሉም አላችሁ። አንዳንዶቹ የ2000ዎቹ ሶስት ሲሪየስ የመጡት ቢፈነዳም ትንሽ በሚያስኬድ ጎማ ነው፣ ትርፍ ጎማ የላቸውም። ያ ጎማ ጥሩ የሚሆነው ቀጣዩ ጎማ ቤት ቅርብ ሲሆን ነው። ከመንዲ ወዲህ ሲፈነዳባችሁ ምን ልታደርጉ ነው?

ከዚያ መለዋወጫ ይመጣል። የኮሮላ ፍሬን ሸራ አሶሳ ውስጥ አይጠፋም፤ ቢጠፋ ነቀምት አለ። የሲ ክላስ ሴንሰር ግን ወይ ሶማሌ ተራ ገብቶ ከፈረሰ መኪና ላይ መፈለግ ነው፣ ወይ ከውጭ ማስመጣት። ከውጭ ከሆነ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 300 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ከ17,000 ብር ተነስቶ ከ30,000 በላይ ገባ ማለት ነው። ዕቃው አልተለወጠም፣ ደመወዛችንም በዚያ ልክ አልጨመረም።

ነዳጅም አለ። የመኪናዋን የነዳጅ ክዳን ከፍታችሁ ብታዩ 95 ኦክቴን ትጠይቃለች። ማደያችን “ቤንዚን” ይላል እንጂ ስንት ኦክቴን እንደሆነ አይነግራችሁም። እሱም ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ልትቀዱላት ነው። ከአሶሳ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ብትጠጣ 65 ሊትር፣ ሊትሩ ከ100 ብር በላይ ከሆነ በኋላ ለአንድ ጉዞ ብቻ ከ6,500 ብር በላይ። ለሰርቪስ እየተመላለሳችሁ ይሄን ስትከፍሉ አስቡት። ያውም መንገዱ ክፍት ሲሆን። በጸጥታ ምክንያት በወለጋ በኩል ማለፍ ያቃተንን ጊዜ የረሳ የለም።

ከተማሪዎቼ አንዱ፣ ስሙንም የመኪናውንም ብራንድ አልጠራም፣ በዕቁብ ብር አንዲት ጀርመን ሰራሽ ገዛ። ለሰርግ አከራያታለሁ ብሎ ነበር። ሁለት ሰርግ ሰራች። ከዚያ ካምቢዮዋ እምቢ አለ። ስምንት ወር ማንጎ ዛፍ ስር ቆመች፤ ዕቁቡ ግን አልቆመም፣ በየሳምንቱ ይከፍል ነበር። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ እንዲያውም ከጎበዞቹ አንዱ ነው። የሚያሳዝነኝ የሶስት ዓመት ልፋቱ እንደዚያ ቆሞ ሲበሰብስ ማየቱ ነው።

ለሌላው ወገንም ፍትሐዊ ልሁን። “ቲቸር፣ ደህንነትስ?” ያላችሁኝ ልክ ናችሁ። የነዚህ መኪኖች አካል ጠንካራ ነው፣ ኤርባጋቸው፣ እንዳይንሸራተቱ የሚይዛቸው ሲስተም፣ ሁሉም ከአሮጌ ኮሮላ ይበልጣል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሰራው ሴንሰሩ ሲሰራ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ አምስት መብራት በርቶ “ግድ የለም፣ ትሄዳለች” የምትባል መኪና ደህንነቷ ወረቀት ላይ ቀርቷል። በጾሬ መንገድ ወደ ስደተኞች መጠለያው የሚመላለሱትን የእርዳታ ድርጅት መኪኖች ተመልከቱ። ገንዘብ አጥተው ነው ላንድክሩዘር የሚይዙት? የትም ቦታ ሊጠግነው የሚችል ሰው ስላለ ነው።

አይ፣ ልቤ ወዷታል፣ እገዛለሁ ላለ ደግሞ ይኸው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱትና ስሙ፤ መጀመሪያ ላይ እንደ ሰንሰለት ከተንኳኳ ተመለሱ። የካምሻፍት ማግኔቱን ሶኬት ነቅላችሁ ዘይት ካለው እዩ። የሚያነበው ኮምፒውተር የራሱ የብራንዱ ይሁን፤ ተራው ማንበቢያ በአብዛኛው የሞተሩን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ሊብሬው ላይ ከመፈራረማችሁ በፊት ደግሞ የሚጠግናትን ሰው በስም እወቁ። እኔ የምመክረው የግዢውን ሲሶ ለጥገና አስቀርታችሁ፣ ከቀራችሁ ብቻ ነው። ካልቀራችሁ አቅማችሁ ለመኪናዋ ደርሷል እንጂ ለኑሮዋ አልደረሰም።

ጋራዥ የከፈታችሁ ልጆቼ ደግሞ ይሄንን እንደ ስድብ እንዳታዩት። ወንድሞቻችሁ ሲ ክላስን የሚፈሩት እኛ አካባቢ ኤሌክትሮኒክሱን የሚያነብ ሰው ስላነሰ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ዛሬ ካልተማርነው ነገም ማንጎው ስር የሚቆመው መኪና ይበዛል።

ደላላው ከተፈራረማችሁ በኋላ ስልክ አያነሳም። እኔ አነሳለሁ፤ ብቻ ከመፈራረማችሁ በፊት ደውሉ።